መርከብ ዘመድ አይጠብቅም

«ቁጥር አንድ» አለ ሂሻም፣ ግራ እጁን ወደ ስልኩ ካሜራ ዘርግቶ። «ሰዓትህን ከእጅህ አታውልቅ። የገባህበት ከተማ የራሱ ሰዓት ይኖረዋል፤ አንተ ግን የምትመራው በመርከቧ ሰዓት ነው።»

ሱሀይላ ሳቋን አፍና ስልኳን አስተካክላ ያዘች። በፌርፋክስ ጎዳና፣ በአባቷ ሱቅ ውስጥ፣ ከበርበሬና ከእርድ ማዳበሪያዎች መሃል ቆሞ ስለ ባሕር የሚሰብክ ሰው ከዚህ በፊት አይታ አታውቅም። የትምህርት ቤት ሥራዋ «አንድ ሰው የሚያውቀውን ነገር በሦስት ደቂቃ ቪዲዮ አሳዩ» የሚል ነበር። የአክስቷ ልጅ ሂሻም ደግሞ ወደቦችን ያውቃል። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በአንድ ትልቅ የመዝናኛ መርከብ ላይ በወጥ ቤት ይሠራል። በእረፍት ሰዓቱ ብቻውን ያልዞረበት የወደብ ከተማ የለም። ዛሬ ጠዋት መርከቡ ሳን ፔድሮ ወደብ ሲደርስ አባቷ አብዱልባሲጥ በመኪና ሄዶ አመጣው። ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ተመልሶ መግባት አለበት።

«ቁጥር ሁለት፤ ሩቁን ቦታ መጀመሪያ፣ ቅርቡን መጨረሻ። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ አንተ ወደ ወደቡ እየቀረብክ መሆን አለበት። ቁጥር ሦስት፤ ቦርሳህ ከአንተ አይለይ። የሰው መኪና ውስጥ አትተወው፣ የወንድምህም መኪና ቢሆን። ቁጥር አራት፤ የወደቡን ወኪል ስልክ ወረቀት ላይ ጽፈህ ኪስህ ክተት። የስልክ ባትሪ ያልቃል፣ ወረቀት ግን አያልቅም።» ትንሽ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ለካሜራው አሳየ።

«ሶ፣ መርከብ ያመለጠው ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አለች ሱሀይላ።

«አንድ ባልና ሚስት አይቻለሁ፣ ሜክሲኮ ውስጥ። ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ሲሮጡ፣ መርከቧ ላይ ያለው ሕዝብ እያጨበጨበ ‹በርቱ!› ይላቸዋል። መወጣጫ ድልድዩ ግን ተነስቷል። ሴትዮዋ ወንበር ላይ እንደምትቀመጥ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች።» የሂሻም ፈገግታ ጠፋ። «እነሱስ መንገደኞች ናቸው፤ አውሮፕላን ይዘው የሚቀጥለው ወደብ ላይ ይደርሱባታል። እኔ ከቀረሁ ግን ‹ጠፋ› ነው የምባለው። እስቲ አጥፊው።»

ሱሀይላ ቪዲዮውን አቆመች።

«ይሄን ለማንም አትንገሪ፣ እሺ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያስቀጠረኝ ድርጅት ዋስ ካላመጣህ አልልክህም አለኝ። እናቴ የምታስይዘው ነገር የላትም። ጎረቤታችን ጋሼ ወንድይፍራው ቤታቸውን አስይዘው ፈረሙልኝ። ከጠፋሁ ቤታቸው ይሄዳል። ‹ለዘመዶችህ አታውራ፣ ውለታ ሲወራ ይረክሳል› ብለውኛል። አራት ወር ብቻ ነው የቀረኝ። ከዚያ ዋስትናው ይወርድላቸዋል፣ እኔም የመርከብ መካኒክነት እማራለሁ።»

«ኦኬ። ወላሂ አልናገርም» አለች ሱሀይላ።

ያኔ አባቷ ከመደርደሪያው ማዶ ተጣራ። «ሂሻም! ውዱእ አድርግና እንሂድ፣ ጁምዓ ደረሰ!»

ሂሻም ከጓዳው መታጠቢያ ፊት ቆሞ እጅጌውን ሰበሰበ፤ ሰዓቱን ፈታ። የሚያስቀምጥበት ሲፈልግ አባቷ እጁን ዘረጋ። «እኔ ጋ ይሁንልህ» ብሎ ኮት ኪሱ ውስጥ ጨመረው። ስልኩንም «ቻርጅ ላድርግልህ» ብሎ ቀደም ሲል ወስዶ ከሒሳብ መክፈያው ኋላ ሰክቶታል። ቦርሳውስ? ከጠዋት ጀምሮ መኪናው ውስጥ ነው።

ሱሀይላ «ቁጥር አንድ!» ብላ ልትቀልድ አፏን ከፈተች። የአባቷን ፊት ስታይ ግን ቀልዱን ተወችው። አባቷ ሁሌ የሚስቅ ሰው ነው፤ ደንበኛ ቢቆጣው እንኳ ይስቃል። አሁን ግን አንድ ነገር ሰርቆ እንዳይታይበት የሚጠነቀቅ ሰው ይመስል ነበር።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የጸሎት መጎናጸፊያዋን ልታመጣ ወደ መጋዘኑ ስትገባ የአባቷን ድምፅ ሰማች። ጀርባውን ሰጥቶ በስልክ ያወራል።

«እስከ አስራ አንድ ብቻ ነው የምናቆየው ጋሼ አሥራት። ከዚያ በኋላ መርከቧ ራሷ ትሄድለታለች… አይ፣ እሱማ አያውቅም። ቢያውቅማ ይሉኝታ ይዞት እሺ አይልም። እህቴ ያላት አንድ ልጅ ነው፤ ሰው የበላበትን ሳህን ሲያጥብ ይኑር? አንዴ ከቀረ በኋላ ጠበቃ አይጠፋም። እርስዎ ብቻ ለምሳ ይምጡልኝ፣ ጨዋታ ይያዝ።»

ሱሀይላ መጎናጸፊያዋን ደረቷ ላይ አቅፋ በእግር ጣቶቿ ወጣች።

የሚያሳፍራት ነገር መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ጋሼ ወንድይፍራው ቤት አለመሆኑ ነው። መጀመሪያ ያሰበችው ፓልምስ ሰፈር ስላለው አፓርታማቸውና ስለ ባዶዋ ትንሽ ክፍል ነበር። ወንድም የላትም። ሂሻም በአንድ ቀን ጠዋት ከስንት ዓመት የስልክ ሰላምታ ይበልጥ አሳቋት ነበር። ቢቀር ምን አለበት? እሷ እኮ ምንም አላደረገችም። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። መስጊድ ስትሰግድም ግንባሯን መሬት ላይ አድርጋ ይህንኑ ስታስብ ነበር፤ ሶላቷ ምን እንደሆነ አላህ ይወቀው።

ምሳ የተበላው ከሱቁ ሦስት በር አልፎ ባለችው የእትዬ ሃፍሳ ምግብ ቤት ነው። እትዬ ሃፍሳ «የሙጂባ ልጅ!» ብላ ሂሻምን አንገቱን አቅፋ ጉንጩን እያገላበጠች ሳመችው። ወዲያው አንድ ትሪ መጣ። ሳያልቅ ሌላ ተጨመረ። የአባቷ ወዳጅ ጋሼ አሥራት ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀላቀሉ፤ ጾም ስለሆኑ ለራሳቸው ሽሮ አዝዘው ስለ ድሮ የደሴ መንገድ ጀመሩ። ጨዋታ አዋቂ ናቸው፤ አንዱን ሳይጨርሱ ሌላውን ያስከትላሉ። ሂሻም ለመነሳት ሲቁነጠነጥ እትዬ ሃፍሳ ጉርሻ ይዛ ከፊቱ ቆመች።

«በቃኝ፣ ወላሂ ጠግቤያለሁ።»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል!» አለችው። ሁለተኛውን ሲውጥ ሦስተኛው ተሰልፎ ነበር።

አንድ ሰው አገር ቤት ዘመዱ ዘንድ ሄዶ በልቶ ቶሎ ከተነሳ ያስከፋል። ያንን ሂሻም ያውቃል፤ አባቷም እንደሚያውቅ ያውቃል። አባቷን ማሰሪያ ገመድ አላስፈለገውም።

«አጎቴ» አለ ሂሻም ባዶ የእጅ አንጓውን እያሸ። «ስንት ሰዓት ሆነ?»

«ገና ነው የኔ ልጅ፣ ብላ።»

«ሰዓቴን ቢሰጡኝ…»

«እኔ ጋ ነው አልኩህ እኮ። አይዞህ፣ ዛሬ አንተ እንግዳ ነህ፣ ሰዓቱን ለእኔ ተወው።»

ሱሀይላ ከጠረጴዛው ሥር ስልኳን አየች። ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት። ወደ ሳን ፔድሮ የሚወስደውን መንገድ ካርታ ከፈተች፤ ቀይ ነበር። አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስታይ አንድ ሰዓት ከሃያ ሆኗል። አርብ ከሰዓት ነው፤ ከተማው በሙሉ መንገድ ላይ ሊወጣ ነው። ሂሻም በጋሼ አሥራት ቀልድ እየሳቀ ጥርሱ ይታያል። የሚወዱት ሰዎች ከበውታል፤ አንዱም ግን እውነቱን አይነግረውም።

«አባዬ» አለች። «ትራፊኩ ከብዷል።»

«ልጅ በትልቅ ሰው ጨዋታ አይገባም» አለ አባቷ። እየሳቀ ነው ያለው። ሳቁ ግን ዓይኑ ጋ አልደረሰም፤ ዓይኑ «እንዳትሞክሪው» ይላት ነበር።

እንደማታውቀው ሰው አየችው። ይህ ሰው ትራሷን አስተካክሎ የሚያስተኛት፣ ዋሽቶ የማያውቅ አባቷ ነው። ተሳስቷል ብላ መናገር እንዴት ይጀመራል? ያውም በእንግዳ ፊት!

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ እትዬ ሃፍሳ እጅ አስታጠበች። ሱሀይላ «እሺ፣ አሁን ይነሳሉ» ብላ ተነፈሰች። አባቷ እጁን እያደራረቀ «በሉ» አለ። «ሳንታ ሞኒካን ሳያይማ አይሄድም! እዚሁ ነው፣ ቶሎ ድራይቭ አድርጌ አሳየዋለሁ።»

ሳንታ ሞኒካ በምዕራብ ነው። ሳን ፔድሮ በደቡብ።

ሂሻም ቦታው የት እንደሆነ ስለማያውቅ ጋሼ አሥራትን በጥያቄ አያቸው። ጋሼ አሥራት ባርኔጣቸውን ማየት ጀመሩ። በዚያን ጊዜ ሱሀይላ ጆሮዋ ውስጥ የሰማችው የጠዋቱን ድምፅ ነበር። «ቀኑ እየገፋ ሲሄድ አንተ ወደ ወደቡ እየቀረብክ መሆን አለበት።»

ተነሳች። የአባቷ ኮት ወንበሩ መደገፊያ ላይ ተሰቅሏል። እጇን ኪሱ ውስጥ ከተተች፤ ሰዓቱን አውጥታ በሂሻም ፊት፣ ከባዶው ትሪ አጠገብ አስቀመጠችው።

ሂሻም አነሳው። አየው። ፊቱ ላይ የነበረው ደም ወዴት እንደሄደ አይታወቅም።

«ማን ኪሴን ንኪ አለሽ?» አለ አባቷ። እንደዚህ ባለ ድምፅ አናግሯት አያውቅም።

«ጋሼ ወንድይፍራው ቤታቸውን አስይዘዋል» አለች። «ለሂሻም ዋስ ሆነው። መርከቧ ጥላው ከሄደች ቤታቸው ይወሰዳል። ሂሻም፣ ሶሪ፣ አልናገርም ብዬህ ነበር።»

አንድ ቦታ ማንኪያ ወደቀ።

«የትኛው ወንድይፍራው?» አለ አባቷ ቀስ ብሎ።

ሂሻም አንገቱን ደፋ። «የእናንተው ጎረቤት፣ አጎቴ። አትናገር ስላሉኝ ነው።»

አብዱልባሲጥ የሚያርፍበት እንደፈለገ ሰው ጠረጴዛውን ያዘ። ሱሀይላ የዚያን ሰው ታሪክ ታውቃለች፤ አባቷ በየረመዳኑ ያወራዋል። እናቱ ኮምቦልቻ ላይ ስትሞት እሱ እዚህ የመኖሪያ ወረቀት አልነበረውም፤ መሄድ አልቻለም። በእሱ ቦታ ቃሬዛዋን ተሸክሞ መቃብር ድረስ ያደረሰው ክርስቲያኑ ጎረቤታቸው ነው።

«ያ አላህ» አለ። «የእሱን ቤት ነበር እኮ…»

«ተነስ እንጂ አብዱልባሲጥ!» አሉ ጋሼ አሥራት ባርኔጣቸውን ጠረጴዛ ላይ እየጣሉ። «እኔንም ከእንግዲህ በእንዲህ ያለ ነገር አትጥራኝ።»

ሱሀይላ የሂሻምን ስልክ ልታመጣ ወደ ሱቁ ሮጠች። ስትመለስ መኪናው ሞተሩ ተነስቶ፣ በሩ ተከፍቶ ነበር የጠበቃት።

መንገዱ ላይ የመኪኖች የኋላ መብራት ከፊታቸው እስከ ሰማይ ዳርቻ ቀይ ነበር። አሥር ደቂቃ ሄደው አምስት ደቂቃ ይቆማሉ። ሂሻም ያንን የታጠፈ ወረቀት ለሱሀይላ ሰጣት፤ ወኪሉ ጋ ደወለች። ሰውዬው በትሕትና መለሰላት፤ በሩ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ለማንም አይከፈትም። የአባቷ ከንፈሮች ዱዓ ያደርጉ ነበር። ሂሻም ሰዓቱን እንደ መድኃኒት በየደቂቃው ያየዋል።

«አጎቴ» አለ በመጨረሻ። «ሆን ብለው ነው?»

«አዎ» አለ አባቷ። ከመንገዱ ዓይኑን አላነሳም። «የሚበጅህን ከአንተ የበለጠ የማውቅ መስሎኝ ነው።»

ሂሻም ሰዓቱን እንደገና አየ። ሱሀይላ ይቅር እንደሚለው ወይም እንደማይለው ፊቱን አይታ ማወቅ አልቻለችም።

ሱሀይላ ካርታውን እያየች «በዚህ ውጣ… አሁን ወደ ግራ» እያለች ከትልቁ መንገድ አስወጣቻቸው። አስራ አንድ ሊሆን ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ከወደቡ አረንጓዴ ድልድይ ሥር ደረሱ። መርከቡ ከሕንፃዎቹ በላይ ነጭ ሆኖ ቆሟል፤ አጠገቡ ሲደርሱ ፀሐይዋን ከለለባቸው። ሂሻም ቦርሳውን ነጥቆ ሮጠ። በሩ ላይ ያለው ጠባቂ ካርዱን ተቀብሎ አየው፣ ገለበጠው፣ እንደገና አየው። ከዚያ ጠባቂው ወደ ጎን አለ።

ሂሻም ዞር ብሎ እጁን አነሳ። ለሁለቱም ይሁን ለእሷ ብቻ አልታወቀም። ከዚያ አልታየም።

አባቷ ሞተሩን አጥፍቶ ቁጭ አለ። ብዙ ቆይቶ ስልኩ ጮኸ። አክስቷ ሙጂባ ነበረች። እዚያ ሌሊት ነው፤ እንቅልፍ አልወሰዳትም ማለት ነው። አባቷ የእህቱን ስም እያየ እጁን ወደ ስልኩ ላከ፣ መለሰ። ከዚያ ለሱሀይላ አቀበላት። ምን እንድትል አልነገራትም፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ሄሎ? አብዱ?» አለች አክስቷ። «ልጄ ደረሰ? አላረፈደም?»

ሱሀይላ የአባቷን ጀርባ አየች። ትከሻው ከጠዋቱ አንሶባታል።

«ሱሀይላ ነኝ እትዬ» አለች። «ደርሷል፣ አልሃምዱሊላህ። ትራፊኩ ከባድ ነበር። አባዬ ነው ያደረሰው።»