የይመኙሻል አምፖል

ፊደል አልቆጠርኩም፤ ዓይኔ ግን ዋሽቶኝ አያውቅም። የምነግራችሁ በራሴ ቤት የደረሰ ነው፤ የማያምን ይተወው።

ሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምት፣ ዓለም ከተማ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት።

የሰፈሩ ሰው አዋጥቶ አንድ የናፍጣ ሞተር ገዝቷል። ለየቤቱ አንድ አምፖል ነው። ናፍጣውን በየተራ እናቀርባለን። አንዱ ሁለተኛ አምፖል ከቀጠለ የጎረቤቱ ስለሚደክም፣ ክልክል ነው።

ሞተሩን የሚያስነሳው ባሌ ዳኜ ነበር።

ታዲያ የእኛ አምፖል እንደ ቆየ ቅቤ ቢጫ... ከፊት ለፊታችን የይመኙሻል ነጭ!

ባሏ የሞተባት ናት። ልጅ እግር፣ ጥርሷ የማይከደን።

«ሁለት ቀጥለህላታል» አልኩት።

«አንድ ነው አንቺ ሴት። ሄደሽ እዪው» አለና ሳለ።

ሲስል የይመኙሻል መብራት ድርግም ብሎ መልሶ በራ።

ደግሞ ሳለ... ደግሞ ድርግም።

የእኛው ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ወዲያ ዳኜ ከሳ። የእሷ መብራት ደመቀ። ሰው «ብርድ መቶት ነው» ይላል። እኔ ግን ሥጋው በየት በኩል እንደሚወጣ በመስኮቴ አያለሁ።

አንድ ምሽት ሞተሩ ተበላሸ። ሰፈሩ ሁሉ ጨለመ።

ዳኜ ተኝቷል፤ እጁ በረዶ።

የይመኙሻል ቤት... በርቷል።

ተሻግሬ ገባሁ። ጥግ ይዛ ተኮራምታለች።

«ከየት አመጣሽው?»

«እንጃ፣ እትዬ ጌታነሽ» አለች በሹክሹክታ። «ሽቦውን እኮ ትናንት ቆርጬዋለሁ... ይንቀሉልኝ።»

ቀና አልኩ። የሽቦው ጫፍ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። አምፖሉ ይነድዳል።

«ባሌን ይዘሽ ኖሯል የምትስቂው» አልኳት።

ነቀልኩት። እጄ ላይ ጠፋ።

በነጠላዬ ጠቅልዬ ሮጥኩ። በእኛው ሽቦ ላይ ሰካሁት።

ጨለማ።

«ዳኜ?»

ሳል የለም... ትንፋሽም የለም።

በሠልስቱ ይመኙሻል ለቅሶ ልትደርስ መጣች። አምፖሉን ከጉያዬ አውጥቼ በሴቶቹ ፊት ሰጠኋት።

«ውሰጂው። እኔ ዘንድ ሥራ የለውም።»

በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።

መዳፏ ላይ በራ።

ነጭ ሆኖ በራ... ከዚያ ድርግም አለ። ደግሞ በራ፣ ደግሞ ድርግም... ሳል እንደያዘው ሰው።