ማን ጠገነው?

ልጆቼ፣ ይህ ነገር በገዛ ቤቴ የደረሰ ነው። ሰምቼ አይደለም፣ አይቼ ነው። ማመን ቢያቅታችሁ አልቀየማችሁም፤ እኔም በዓይኔ ባላየው ኖሮ አላምንም ነበር።

የጀመረው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ጠራራ ፀሐይ። የወጥ ቤታችን መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል። ባለቤቴ አልጋዋ ላይ ናት። ውሃ ልሰጣት ብዬ ኩባያውን አነሳሁ...

እጀታው እጄ ላይ ቀረ።

ኩባያው ወደቀ፤ ግን አልተሰበረም። ተንከባለለና ቆመ። የተላቀቀው እኔ ድሮ ያጣበቅሁት ቦታ ብቻ ነው።

ስለ ራሴ ትንሽ ልንገራችሁ። ሥራዬ ጥገና ነው። የሚያፈስ ማንቆርቆሪያ፣ እግሩ የወለቀ ወንበር፣ ማንገቻው የተበጠሰ ቦርሳ... ሰፈሩ "አባ ጠግን" ይለኛል። ትምህርቴ ብዙም አልገፋ፤ እጄ ግን አይታማም። ባለቤቴ "ደህና እቃ ቤት ከገባ ይሄ ሰውዬ ያኮርፋል" እያለች ትስቅብኛለች።

ያን ሰሞን ካንሰር ይዟት ነበር። መድኃኒቱ በደም ሥሯ ይሰጣታል፤ እብጠቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ እኔን "አባባ" ነው የምትለኝ። መድኃኒቱ ለምን እንዳልሠራ ስጠይቃት ወንበር ሳበችና አጠገባችን ተቀመጠች።

"አባባ፣ በሰውነታችን ሴሎች ውስጥ ዲ ኤን ኤ የሚባል እንደ ክር ያለ ነገር አለ። በየጊዜው ይበጠሳል። የሚጠግኑት ፕሮቲኖችም አሉ።"

"እንደ እኔ በይኛ!"

"እንደ እርስዎ። ጤነኛ ሴል ውስጥ ክሩ ሲበጠስ ይጠራሉ፣ ሲጨርሱ ይሰናበታሉ። የእሳቸው ካንሰር ውስጥ ግን ጥሪው አያባራም። እኛ ካንሰሩ እንዲሞት ክሩን በመድኃኒት እንበጥሳለን፣ እነሱ ከሥር ከሥር ይጠግናሉ።"

ባለቤቴ ከትራሷ ቀና አለች። "አይ የኔ ነገር! በሽታዬም እንደኔ ጠጋኝ አገባ?"

ሦስታችንም ሳቅን።

አዲስ ኪኒን ታዘዘላት። የጠጋኞቹን እጅ የሚያስር። የመጀመሪያዋን የዋጠችው... የኩባያው እጀታ እጄ ላይ በቀረበት ቀን ጠዋት ነው።

ያኔ ግን አላገናኘሁትም።

ቀጥሎ ወንበሩ። ቀጥሎ የብርድ ልብሱ ስፌት፤ ማንም ሳይነካው፣ ራሱን በራሱ እየተረተረ... ቀጥሎ እኩያዬ የሆነች ጎረቤቴ ማንቆርቆሪያዋን አንጠልጥላ መጣች።

"አባ ጠግን፣ እጅህ ከዳህ እንዴ? የበየድከው ሁሉ እንደ ወንፊት ያፈስሳል!"

አዲስ እቃ አልተነካም። ሌላ ሰው የጠገነውም ደህና ነው። የሚፈርሰው የእኔ ብቻ።

ሙጫዬን ስከፍት ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ።

"ተው።" በሹክሹክታ ነው።

"ምነው?"

"አትጠግን... እየተሻለኝ ነው።"

እውነትም ሐኪም ቤት ሲያዩዋት እብጠቱ ቀንሷል። ሐኪሟ ደስ ብሏት አቀፈችኝ።

ከዚያ በኋላ ያሳለፍነውን ጊዜ ብታዩልኝ! ቤቱ ፍርስርሱ ወጣ። ወንበር የለ፣ መሬት እንቀመጣለን። በሩን በገመድ አስረነዋል። እሷ ግን መብላት ጀመረች፤ ግድግዳውን ይዛ እስከ በር ትሄዳለች። አንድ ነገር በፈረሰ ቁጥር "እሰይ!" ትላለች እያጨበጨበች። እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም። መሣሪያዎቼን ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከተትኳቸው።

ከዚያ አንድ ቀን...

ከገበያ መጣሁ። በሩ ላይ ገመዱ የለም። የወለቀው ማጠፊያ ተመልሶ ቦታው ገብቷል።

ገባሁ። ወንበሩ ቆሟል።

"ማን መጣ?"

"ማንም።"

"አንቺ ነሽ የሠራሽው?"

"እኔ? በየትኛው ጉልበቴ?"

የወንበሩን እግር ዳበስኩት። እኔ ያጣበቅሁትን ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ፤ ሙጫዬ ጠርዙ ላይ ትንሽ ያብጣል። ይሄ ግን... መጋጠሚያም የለው። ሲጀመር ያልተሰበረ ይመስላል።

ኩባያውም እንደዚያው። ብርድ ልብሱም።

እሷ አየችኝ። እኔም አየኋት። ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል።

ከአልጋው ሥር መዶሻዬን አወጣሁ። ወንበሩን ሰባበርኩት። ላቤን በእጅጌዬ ጠርጌ ቀና ስል... ቆሟል።

ደግሜ መታሁ። እንጨቱ ሲሰነጠቅ ሰምቻለሁ፣ ልጆቼ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ! ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ...

ቆሟል።

ባለቤቴ ሐኪም ቤት የተነሳችውን የራጅ ፎቶ ሐኪሟ ትኩር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"አንዱን መንገድ ዘግተንባቸው ነበር... በሌላ መንገድ መጠገን ጀምረዋል፣ አባባ።"

"ማን ጠራቸው?"

ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ መስበር ሆነ። ሳህን፣ ብርጭቆ፣ በር... ክንዴ እስኪዝል። ቤቱ በየቀኑ አዲስ እየሆነ ሄደ። እሷ ደግሞ በየቀኑ እያነሰች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአልጋዋ ጠራችኝ።

"አንተ ሰውዬ።"

"አቤት።"

"በቃ ተወው። ና አጠገቤ ቁጭ በል... ወንበር እንደሆነ አለህ።"

መዶሻውን ጣልኩት። ተቀመጥኩ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር፤ በሁለት እጄ ይዤ አሞቅኩላት። የመስኮቱ ፀሐይ አልጋዋ ላይ እንዳለ... ሄደች። እኔ፣ የሰፈሩን እቃ ሁሉ ስጠግን የኖርኩት፣ ለእሷ አንድ ነገር ማበላሸት አቃተኝ።

ቀበርናት።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ብቻዬን ሄድኩ።

መቃብሩ የለም።

ትናንት አፈር የተከመረበት ቦታ ለጥ ያለ ሣር ነው። ሥር የሰደደ፣ የቆየ ሣር። ግራና ቀኝ ያሉት መቃብሮች ግን እነዚያው ናቸው። በጉልበቴ ተንበርክኬ በጣቶቼ ዳርና ዳሩን ፈለግሁ። የት ጎንበስ ብዬ ላልቅስላት? የማለቅስበት ቦታ እንኳ እነዚያ ጠጋኞች አይተዉልኝም?

መቃብር ቆፋሪውን ጠራሁት። መጣ። ሣሩን አየ። ከዚያ አካፋውን አየ፤ የትናንቱ አፈር ላዩ ላይ ደርቋል።

"እዚሁ ነው አይደል የቆፈርነው፣ አባቴ?" ትንፋሹ ብቻ ነው የሚሰማው።

"እዚሁ ነው።"

አካፋውን ሣሩ ላይ ተከለና በእግሩ ረገጠው። ምድሩ ተሰነጠቀ። ስቦ አወጣው...

ሁለታችንም ጎንበስ ብለን እያየን፣ ስንጥቁ ከዳር ጀምሮ፣ ቀስ... ቀስ... እያለ ገጠመ።