የሦስተኛው ሰልፍ ማሽን

የማሽን ጠጋኙ ጋረደው በእርዳታ መጋዘኑ ውስጥ፣ በዱራ ማሽላ ጆንያዎች መካከል በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የሚዛን ብረት አጠገቡ ወድቋል። በቀኝ እጁ ሲያስተካክለው የነበረውን የእርዳታ ካርድ ማንበቢያ ማሽን እንደያዘ ነው።

ጦርነትና ረሃብ በአንድነት በመጡበት በዚያ ክረምት፣ ሱዳን ውስጥ ባለው የመፋዛ ስደተኞች መጠለያ ፖሊስ አልነበረም። ስለዚህ ጎንደር ሳለች መርማሪ የነበረችውን አሰጋሽን ከእርዳታ ሰልፍ ጠርተው አመጧት። ታጣቂዎች በር ላይ ቆመዋል፤ ገዳዩ ካልታወቀ የመጋዘኑን ቁልፍ ያዥ አብዱልሰላምን ይዘው ሊሄዱ ነው።

«ማሽኑ ራሱ ይናገራል» አለች እዚያው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገችው መዝጋቢ ሂያም። «መጨረሻ የተነበበው ካርድ 03:10 ይላል። ወላሂ፣ በእናንተ አቆጣጠር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት! ያን ጊዜ በሩን ማን ከፈተው፣ ያ ዓሚ፣ አጎቴ?»

«አንቺ ልጅ» አለ አብዱልሰላም፣ «እኔ የከፈትኩለት ሲነጋ ነው! ከፍቼለት ቤቴ ገባሁ።»

«እኔ እንኳ» አለ ሰልፍ አስከባሪው ስማቸው፣ «ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ራሃድ ወንዝ ውሃ ስቀዳ ነበርኩ። አርባ ሰው አይቶኛል።»

አሰጋሽ ቀና ብላ አየችው። ከቋራ ከመጣ ስምንት ወሩ ነው፤ ሚስቱንና ልጁን በዚሁ ክረምት ቀብሯል።

«የማሽኑን ሰዓት ማስተካከል የሚያውቅ ማን ነው?»

«ሦስታችንም» አለች ሂያም። «ሰዓቱ ከተዛባ ማሽኑ ከመረቡ ይወጣል። ጋረደው አስተምሮናል።»

«ከመጨረሻው በፊት ያለውን አንብቢልኝ።»

«ዛሬ፣ 06:20፤ ፀሐይ ስትወጣ። የጋረደው የራሱ ካርድ ነው፤ ሲሞክር...» ሂያም ሁለቱን ቁጥሮች አመሳከረች።

«ቀን ወደ ኋላ አይሄድም» አለች አሰጋሽ። «ጋረደው ሲነጋ በሕይወት ነበር። ከገደለው በኋላ ሰዓቱን ቀይሮ የሟቹን ካርድ ያስነበበ ሰው አለ፤ ‹ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ገና ይሠራ ነበር› እንዲባል። አብዱልሰላም ወይም ሂያም ቢሆኑ የጧቱን ሦስት ሰዓት በዐረብኛ ‹ቲስዓ› ብለው ዘጠኝ ይሞሉ ነበር። ሦስት ብሎ የሚሞላ ሰዓትን እንደ እኔ፣ ከንጋት ጀምሮ የሚቆጥር ነው። የት እንደነበረም ሳልጠይቀው ነገረኝ።»

ስማቸው ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

«ሦስት ወር ሙሉ ጋረደው ‹ስምህ የለም› አለኝ፣ እትየ። ‹ማሽኑ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም› ይለኛል። ዛሬም ቀና ብሎ ሳያየኝ ‹ትንሽ ጠብቅ› አለኝ። ምን ልጠብቅ? ማንን ላበላ?»

አሰጋሽ የሟቹን ደብተር ገለጠች። ባታነበው በወደደች።

«የሦስተኛው ሰልፍ ማሽን፦ አንቴናው በሬዲዮ ቻናል 13 ያስተላልፋል፤ ማሽኑ ላይ የተሞላው የሌላ አገር የሬዲዮ ደንብ ስለሆነ ከ11 በላይ አይሰማም። ስለዚህ አዲሱ የስም ዝርዝር ደርሶት አያውቅም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ስሞክረው በአሮጌው ዝርዝር ያሉት ስለተነበቡ ደህና መሰለኝ። አሁን የተሞላውን አገር ቀይሬዋለሁ። መጀመሪያ የስማቸው ካርድ ይሞከር።»

 ታጣቂዎቹ ገብተው ስማቸውን አስነሡት። አሰጋሽ «ተዉት» ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን ለማን ትላለች? የትኛው ዳኛ ዘንድ ትወስደዋለች?

ሂያም ሰዓቱን አስተካከለች። ማሽኑ መረቡን አገኘ። አሰጋሽ ከስማቸው አንገት በክር የተንጠለጠለውን ካርድ ይዛ አስነበበችው። ማሽኑ ጮኸ፤ መስታወቱ ላይ ጽሑፍ ወጣ።

«ስም፦ ስማቸው አየነው። ሦስት ሰው። ይሰጠው።»

ከሥሩ፣ የተቀባዩን አውራ ጣት አሻራ ይጠይቃል። የስማቸውን እጆች ግን ወደ ኋላ አስረዋቸው ነበር።