ከዚህ ግቢ አትነቀልም

ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ያለው የአቶ ረታ ቤት መኪና አይገባበትም ነበር። ግማሹ መሬት ሲሸጥ የመኪናው መግቢያ አብሮ ሄደ፤ የቀረው ለእግረኛ የተበጀ ጠባብ በርና ጥቂት ደረጃ ነው። አቶ ረታ በእግራቸው በሚሄዱበት ዘመን ይህ ለማንም ችግር አልነበረም። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ከያዛቸው በኋላ ግን፣ ሐኪም ቤት በሚሄዱበት ቀን ሁሉ፣ ልጃቸው ሳምራዊትና ዘበኛው ከነባለጎማ ወንበራቸው አንሥተው፣ ደረጃውን አውርደው፣ ቦዩን አሻግረው፣ መንገድ ዳር እስከቆመችው መኪና ይሸከሟቸዋል። ጎረቤት በመስኮት ያያል። አቶ ረታ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ።

ሳምራዊት በሌላው ጎን አጥሩን አፍርሳ አዲስ መግቢያ ለማስከፈት ወሰነች። አጥሩ የራሳቸው ነው። በአጥሩና በአስፋልቱ መካከል ያለው ቦይ ግን የከተማው ነው፤ እሱን ለማቋረጥ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለፈቃዱም በባለሙያ የተሠራ ንድፍ።

ንድፉን የሚሠራው ቢሮ ዌስትላንድስ ነበር። ስሟን አይቶ ቀና ያለው ወጣት በአማርኛ «እንደምን ዋሉ?» አላት። ኢያሱ ይባላል። በሕፃንነቱ ከወላጆቹ ጋር ተሰዶ መጥቶ እዚሁ ናይሮቢ ያደገ ነው፤ አማርኛው ከቤትና ከጸሎት ቤት የተቀዳ፣ ንጹሕ ግን ጥቂት ነው።

«ድራይቭዌይ በአማርኛ ምን ይባላል?» አላት፣ እርሳሱን አንሥቶ።

«የመኪና መግቢያ።»

«መውጫውስ?»

«ያው ነው። በገቡበት ይወጣል።»

«ሳዋ» አለ፣ በስዋሂሊ እሺ ለማለት፤ በንድፉም ራስጌ ላይ በአማርኛ «መግቢያ» ብሎ ጻፈ።

«ይህን በከተማው አስተዳደር፣ በካውንቲው፣ ማን ያነብልሃል?»

«ለካውንቲው አይደለም። ለእርስዎ ነው።»

«ለእኔ ከሆነ አንቺ በለኝ» አለች። ሁለቱም ወደ ወረቀቱ አጎነበሱ፤ ወረቀቱ ላይ ግን ከዚያች ቃል በቀር ገና ምንም የሚታይ አልነበረም።

ቦታውን ሊለካ የመጣ ዕለት ኢያሱ ሜትሩን ከአጥሩ እስከ በረንዳው ዘረጋ። ሜትሩ ግቢው መካከል ካለችው ጃካራንዳ ግንድ ጋር ተጋጨ።

«ጋሼ፣ ዛፏ መስመሩ ላይ ናት።»

«መስመሩ ነው እሷ ላይ ያለው» አሉ አቶ ረታ ከበረንዳው።

ጃካራንዳዋን የተከሏት ሟች ባለቤታቸው ወይዘሮ የውብዳር ናቸው። እሳቸው ካረፉ ጀምሮ አቶ ረታ በየማለዳው ወደ ዛፏ ዞረው «እንዴት አደርሽ?» ይላሉ። ሳምራዊት ያን ጊዜ ልጅ ነበረች፤ ሰላምታው ለእሷ እየመሰላት ከአልጋዋ ሆና «ደኅና» ትል ነበር።

«እሺ፣ ጋሼ» አለ ኢያሱ። «ስለ ዛፏ ሰው እልክልዎታለሁ። ያኔ እርስዎ ይወስናሉ።»

ሜትሩን ሲጠቀልል ዐይኑ ሳምራዊት ላይ ነበር፤ የብረቱ ጫፍ ጣቱን ቆረጠው። መሐረቧን ሰጠችው። አልመለሰላትም፤ እሷም አልጠየቀችውም።

ማመልከቻው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲዘዋወር አብረው ጠበቁ። በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ትከሻ ለትከሻ።

«ደጅ ለማስከፈት ደጅ መጥናት» አለችው።

«ደጅ መጥናት ምንድን ነው?»

«የፈለጉትን እስኪያገኙ ሰው በር ላይ መቆም።»

«እንግዲያው እኔ ሁለት ደጅ ነው የምጠናው» አለ። ጆሮው ቀላ። ሳምራዊት ተራ ቁጥር የሚያሳየውን ሰሌዳ አጥብቃ ተመለከተች፤ የእነሱ ተራ እንዳይደርስም ተመኘች።

ምሳ ሁርሊንግሃም፣ ከአባቷ ተረክባ በምታስተዳድረው ምግብ ቤት ይበሉ ነበር። ዐቢይ ጾም ነው፤ እሷ ሽሮ ስታዝ እሱም ሽሮ አዘዘ።

«አንተ እኮ ጴንጤ ነህ። ሥጋ መብላት ትችላለህ።»

«ብቻዬን?» አላት።

በዚያች አንዲት ቃል ነገሩ አለቀ። ከዚያ በኋላ የቀረው ደንቡ ነበር።

«ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ» አለ። «አባትሽ በሃይማኖት ቢመልሱኝስ?»

«መጀመሪያ ላክ።»

«ጋሽ ታመነን ነው የምልከው፤ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ናቸው። አማርኛቸው እንደ ቅኔ ነው። እኔ ግማሹ አይገባኝም።»

«አባዬ ይገባዋል» አለች እየሳቀች። «ቀኑን ግን እንዳትነግረኝ። ሴቷ አታውቅም፤ ደንቡ ነው።»

ፋሲካ አለፈ። ሳምራዊት ከምግብ ቤት በተመለሰች ቁጥር የአባቷን ፊት ታነባለች። ምንም የለበትም። ከዚያ ኢያሱ መምጣት አቆመ። አንድ ቀን የቦዳቦዳ ሞተር ብስክሌት ነጂ አዲስ ንድፍ አደረሰላት። ቀጥ ያለው መስመር ጃካራንዳዋ ዘንድ ሲደርስ ቀስ ብሎ ይታጠፋል፤ ዛፏን ዞሮ በረንዳው ሥር ይቆማል። በራስጌው ላይ የአማርኛ ጽሑፍ አልነበረም።

ደወለች፤ አላነሣም። አመሻሹ ላይ መልእክት መጣ፤ «የአባትሽን ልብ መስበር አልችልም። ይቅር በዪኝ።»

ሃይማኖቱን ፈርቶ፣ ሳይሞክር ቀረ ብላ ተረዳችው። ሽማግሌ ያልላከን ወንድ «ለምን አልላክህም?» ብላ የምትጠይቅ ሴት በእናቷ ወገን አልነበረችም። ቆይቶ ሞምባሳ ሥራ ይዞ መሄዱን ሰማች።

ፈቃዱ መጣ። ቦዩ ውስጥ ቱቦ ተቀበረ፤ አጥሩ ተከፈተ፤ ጠጠር ፈሰሰ፤ ሲሚንቶ ተለሰነ። ጃካራንዳዋ በምታብብበት ወር መኪናዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከነአቶ ረታ ገባች። ዛፏ ሥር ሲደርሱ ሳምራዊት ለመታጠፍ ፍጥነቷን ቀነሰች።

«ቁሚ እስቲ» አሉ አቶ ረታ። ሐምራዊው አበባ መስታወቱ ላይ ይወርድ ጀመር። ከታመሙ ወዲህ እንዲህ ፈክተው አይታቸው አታውቅም። «ያ ልጅ ጎበዝ ነበር። አጥምሞ አተረፋት። የት ገባ?»

«ሞምባሳ ነው።»

«እኔማ ሽማግሌ ይልካል ብዬ ስጠብቅ ነበር። ያን ዕለት ዐይኑ ሜትሩ ላይ አልነበረም።»

ሳምራዊት ሞተሩን አጠፋች።

«ጴንጤ ነው እኮ፣ አባዬ።»

«ቢሆንስ? ክርስቶስን አልካደም። ትንሽ እቆጣ ነበር፤ ንስሓ አባቴን አማክር ነበር፤ እሰጠው ነበር። እሱ ግን የላከብኝ ለዛፏ ነው።»

«ማንን ላከ?»

«ሁለት ሽማግሎች፣ ያውም ሸበቶ! አንቺ ሁርሊንግሃም ነበርሽ። ‹ከኢያሱ ተልከን ነው፤ ፈቃድዎን ለመጠየቅ መጣን› አሉኝ። ተቀመጡ ብላቸው አይቀመጡም! እንደቆሙ አንደኛው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹በግቢዎ ያሳደጓትን ተክል አይተን ወደድናት፤ ነቅለን በእኛ ግቢ፣ በክብር፣ እንድንተክላት ይፍቀዱልን።›» አቶ ረታ በሳቅ ተንፈቀፈቁ። «ይህን የሚያህል ዛፍ! በምን ሊሸከሟት ነው?»

ሳምራዊት መሪውን እንደያዘች ነበረች።

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«‹እኔ በሕይወት እያለሁ እሷ ከዚህ ግቢ አትነቀልም› አልኋቸው። ‹ያስቡበት፣ ሌላ ቀን እንመለስ› ቢሉኝም ‹አላስብበትም› አልሁ። አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።»

ጋሽ ታመነ ነበሩ። መጥተው ነበር። ኢያሱ ልኮ ነበር፤ ተጠይቃም ነበር። አባቷ ዛፏን ሲከለክሉ ልጃቸውን ከለከሉ፤ እስከ ዛሬም አላወቁም።

«ምነው፣ አንሄድም እንዴ?»

«አበባው መስታወቱን ሸፈነው» አለች፤ መጥረጊያውንም አስነሣች።

በማግስቱ ከምግብ ቤቱ ጓሮ ደወለች። አነሣ። ከወዲያ የባሕር ንፋስ ይሰማል።

«ሳምሪ?»

«መንገዱ አለቀ።»

«ተመስገን። ጋሼ ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ነው። ኢያሱ፣ መስመሩን ለምን አጠመምከው? ሥራው ሁሉ እንደገና ነበር እኮ።»

«እኔስ አንቺን አጣሁ፤ እሳቸው ደግሞ ዛፏን ለምን ይጡ ብዬ ነው።»

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ ከኋላው የሴት ድምፅ በስዋሂሊ ጠራው፤ ሳቅ ያለበት፣ የለመደ ድምፅ።

«ማርታ ናት» አለ ዝቅ ብሎ። «ባለፈው ወር ቀለበት አሰርን። ልነግርሽ አስቤ… እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ አላወቅሁም።»

ሳምራዊት ግድግዳውን ተደገፈች። ያቺን ሴት አታውቃትም። ድምፅዋ ውስጥ ግን ምንም ክፋት አልነበረም።

«እንኳን ደስ ያለህ።»

«አንቺስ? ልትነግሪኝ የፈለግሽው ነገር ነበር?»

«አዎ» አለች። «ፈቃዱ ነበረ ልልህ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ ኢያሱ፣ ያችን ጥቂት አማርኛውን ይዞ። «ያለ ፈቃድ መች ይሠራል።»

«አዎ። ያለ ፈቃድ አይሠራም።»

ለአባቷም አልነገረቻቸውም። አንድ እጅና አንድ ዛፍ ለቀራቸው ሰው ይህን መንገር ከነወንበራቸው ከደረጃው እንደመጣል ነበር።

የሐኪም ቤት ቀን ማለዳ ነው። መኪናዋ በረንዳው ሥር ቆማለች፤ የሚሸከም ሰው የለም፤ በመስኮት የሚያይም የለም። አቶ ረታ በበረንዳው ተቀምጠው ወደ ጃካራንዳዋ ዞሩ።

«እንዴት አደርሽ?»

«ደኅና» አለች ሳምራዊት ከውስጥ፣ ቁልፉን ይዛ እየወጣች።

አቶ ረታ ፈገግ አሉ። «አንቺን አይደለም እኮ።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ» አለች፤ ወንበራቸውንም ወደ መኪናው ገፋች።