መቅዘፍ የምትችል ጀግና

ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ጭኑ ላይ ወረቀት ዘርግቶ ጀግና ይስል ነበር። በማዕበል መሃል ታንኳ ላይ ቆማ ዓሣ አጥማጆችን የምታድን ሴት ናት። የሚሰምጡት ወንዶች እስከ አንገታቸው ለብሰዋል። አዳኛቸው ግን ደረቷና ዳሌዋ ባንድ ጊዜ እንዲታዩ ወገቧ ተጠምዝዞ፣ በጨርቅ ቁራጭና በባለ ተረከዝ ጫማ ቆማለች።

ደሜ ፈላ። ደሴ ሕግ አስተምራለሁ፤ ዝም ማለት ግን አልተማርኩም።

«ወንድሜ፣ ይቺ ልጅ ሰው ልታድን ነው የወጣችው ወይስ ልትታይ?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ኮሚክ መጽሔት ላይ ጀግና ሴት እንዲህ ነው የምትሳለው፣ እህቴ።»

«ማን አለ? በዚህ ተረከዝ እኮ ታንኳውን በስታ እሷም ትሰምጣለች።»

ተሳፋሪው ሳቀ። እሱ አልተቆጣም። ስሙ ኡበይድ እንደሆነ፣ በቅርቡ ከጅዳ እንደተመለሰ፣ ሥዕልም እዚያው ከውጭ መጽሔቶች እየገለበጠ እንደተማረ ነገረኝ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቀኝ።

«ታዲያ ስትቀዝፍ ምን ትመስላለች?»

አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነው። ኡበይድን ሐይቁ ዳር ወሰድኩትና አባቴ ከዳር መረቡን ሲጠግን፣ ቀሚሴን ሸብ አድርጌ፣ ታንኳው ላይ ተንበርክኬ ቀዘፍኩ። ኡበይድ ፊቴን ለመሳል ፈቃድ ጠየቀኝ። አይሆንም አልኩት። አንገቱን ደፍቶ እጆቼን ብቻ ሳለ። ልቤ የከዳኝ ያኔ ነው። ለዓይኑ ፈቃድ የሚጠይቅ ወንድ አይቼ አላውቅም ነበር።

ጀግናዋንም በእነዚያ እጆች፣ ከነሙሉ ልብሷ እንደገና ሳላት። አዲስ አበባ ያለ አንድ አሳታሚ ገጾቹን ወደዳቸው። ክፍያው ኡበይድን ከስደት ያስቀረዋል፤ የእናቱ የእማማ አሲያ ዱዓም ይኸው ነበር። አሳታሚው ግን «ተሸፋፍና ማን ይገዛታል? እንደ መጀመሪያው ሥዕልህ አራቁታት» አለው።

ውሉን ይዞ ሐይቁ ዳር መጣ። «አትፈርም» ማለት ጅዳ ሂድ ማለት ነበር። ውሉን ተቀብዬ እስከ ታች አነበብኩት።

«ኢልሀም» አለኝ በመጨረሻ፣ «እጆቿ ያንቺ ናቸው። እንዴት አድርጌ ላራቁታት?»

ውሉን ሳይፈርም ለአሳታሚው መለሰ። ወደ ጅዳ ሊመለስ ሻንጣውን እያሰናዳ ሳለ ጎረቤታችን ዝናው ጀግናዋን የባጃጁ ጀርባ ላይ እንዲስልለት ለመነው። ያቺ ቀዛፊ ከነሙሉ ልብሷ ከተማውን ስትዞር ያዩ ባለባጃጆች ተሰለፉ፤ ቀጥሎም ባለሱቆች። ሻንጣው ተፈታ።

ኒካሓችን ሲታሰር ሸህ ሙሐመድሁሴን መሕሬን፣ ከሙሽራው የምሻውን ስጦታ፣ በአባቴ በኩል አስጠየቁኝ። ሌላዋ ወርቅ ትጠራለች። እኔ የጀግናዋን ሥዕሎች ከነሙሉ መብታቸው ጠራሁ።

ሸሁ ሳቁ። «ወረቀት ነው የምትፈልገው?»

«ካለኝ ሀብት የሚበልጠው እሱ ነው» አለ ኡበይድ። «ሰጥቻታለሁ። ከእንግዲህ ያለ ባለቤቷ ፈቃድ አንዲት ክር አልነካባትም።»

አሁንም በተራቆቱ ጀግኖች ሥዕል የተነሳ በየመጽሔት መሸጫው እጣላለሁ። ኡበይድም አዲስ ገጽ ሊጀምር ሲል መጥቶ ያስፈቅደኛል። ሳልቆጣ የምመልሰው ጥያቄ ቢኖር ይኸው ነው። አልሐምዱሊላህ።