ከገጹ ውጭ ያለ ጆሮ

መርሳ መናኸሪያ። ቀትር ላይ።

ቆቅ የማንጎ ፌስታሉን አግዳሚው ላይ አስቀመጠ። ከማንጎው ሥር ፍላሽ አለ። አለቃው ጋሼ ሀብቴ አጠገቡ ተቀምጠው ጥርሳቸውን ይፍቃሉ።

«የሽፍቶቹ የውስጥ ሰው ማን ነው?»

«ዓሪፍ፣ መጋዘን ኃላፊው። ሽፍቶቹ ወደ ድርጅቱ ኮምፒውተር የሚገቡት በእሱ የይለፍ ቃል ነው።»

«ማን ጠቆመህ?»

«ቡርቱካን፣ የቢሮ ባልደረባዬ።»

ፌስታሉ እጅ ለወጠ።

ቆቅ የደኅንነት ሰው ነው፤ ወልድያ ላይ ግን የሚያውቁት እስራኤል ብለው ነው። የአንድ ጭነት ድርጅት የኮምፒውተር ሠራተኛ፤ ሲቀልዱበት አብሮ የሚስቅ ምስኪን። ድርጅቱ ለሆስፒታሎች መድኃኒት ያመላልሳል። መኪኖቹ ግን መንገድ ላይ ይዘረፋሉ፤ ባለፈው ሾፌር ተገድሏል። ሽፍቶቹ ለውስጥ ሰዋቸው መልእክት የሚተዉት የመኪኖቹ ጉዞ በሚመዘገብበት የኮምፒውተር ገጽ፣ ስምሪት ገጹ ላይ ነው። ሰውየው አንብቦ ያጠፋዋል። ከዚያ ገጹን ብትከፍተው ንጹሕ ነው።

በጃቫስክሪፕት ቋንቋ የተሠራው የድርጅቱ ፕሮግራም መረጃ ሲለወጥ የሚናገሩ ጠባቂዎች አሉት። ግን የሚኖሩት ገጹ ውስጥ ነው፤ ገጹ ሲዘጋ አብረው ይሞታሉ። ቆቅ የራሱን ጠባቂ ከገጹ ውጭ፣ መረጃው ደጃፍ ላይ ተከለው። ገጹ ቢከፈት ቢዘጋ ግድ የለውም። አንዲት ፊደል ከተነካች የበፊቱንና ያሁኑን ጎን ለጎን አድርጎ ስልኩ ላይ ይልክለታል።

ስልኩ ነዘረ።

የሾፌሩ የሙሄዲን መኪና፣ ማስታወሻ። በፊት፦ ባዶ። አሁን፦ «አብሽሪ። ውርጌሳ ላይ እንቀበለዋለን።»

ደግሞ ነዘረ። አሁን፦ ባዶ።

ጋሼ ሀብቴ አጮልቀው አዩና ተነሡ። «በቃ፣ ዓሪፍን ያዙት እላለሁ።»

ቆቅ አልተነሣም።

አብሽሪ።

«ጋሼ፣ ይሄ ለዓሪፍ አልተጻፈም።»

«የፊደል ስህተት ይሆናላ።»

«ወሎ ሲያጽናና አይሳሳትም። ለሴት አብሽሪ፣ ለወንድ አብሽር ነው።»

ስምሪት ክፍል ውስጥ ያለችው ሴት አንዲት ናት። ቡርቱካን። ዓሪፍን እንዲጠረጥር ያደረገችው እሷ ናት፤ ሊያገባት ያሰበውም እሷን ነው። ስልኩን ጥሎ መሮጥ አማረው።

«ሙሄዲን ሲሪንቃን አልፏል» አሉ ጋሼ ሀብቴ። «ማን ናት? ተናገር።»

ሙሄዲን ልጆች አሉት።

«ቡርቱካን ናት» አለ ቆቅ።

ውርጌሳ ላይ ያደፈጡት ተያዙ። ሙሄዲን በመስታወት ስብርባሪ ፊቱ ቢደማም ተረፈ። መድኃኒቱም ደረሰ።

ቡርቱካንን ከቢሮ ሲያወጧት ቆቅ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አብረውት ያሉትን ሰዎች አየችና ገባት።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ወንድሜ ሙሐመድዘይን ሳዑዲ ገባ ያልኩህ ውሸት ነው። ሽፍቶቹ ይዘውብኝ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስንቴ ልነግርህ ተነሥቻለሁ፣ ወላሂ። ግን አንተ የኮምፒውተር ሰው። ምን ታደርግልኛለህ? አንተንም እንዳይገድሉብኝ ፈራሁ።»

ቆቅ ምስኪን መምሰል ከማንም በላይ ተዋጥቶለት ነበር። ስለተዋጣለትም ነው ይቺን ልጅ ብቻዋን ያስቀራት።

«እስራኤል ነው ወይ ስምህ?»

እውነተኛ ስሙን ሊነግራት የጓጓበት ጊዜ ብዙ ነው።

«እስራኤል ነው» አለ።

መኪናው ይዟት ሄደ።

ሙሐመድዘይን የታገተበት ቤት ሲደርሱበት ባዶ ነበር። «እንፈልገዋለን» አሉ ጋሼ ሀብቴ፣ ለአፍ ያህል። ከዚያ አዲስ መታወቂያ ሰጡትና ዛሬውኑ ከወልድያ እንዲወጣ አዘዙት።

ደሴ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጡት አዛውንት መንገዱ ሲሰለቻቸው ወሬ ጀመሩ።

«ስምህን ማን ልበል ልጄ?»

«ገዛኸኝ።»

«አግብተሃል?»

«ልጅቷ አለች፣ አባባ።»

«እንግዲያ አላህ ይጠብቅልህ። ለወግ ለማዕረግ ያብቃችሁ።»

«አሚን» አለ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አለቀሰ።