ቀይ አፈርና ጥላሸት

በሆሳዕና ከተማ ለሚኖር ሁሉ ይታወቅ፦ የነጋዴው የአቶ ወልደኪዳን ሳሎን በ1958 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ተቀባ።

ልጃቸውን ትርፊትን ለአንድ የጦር መኮንን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ከአዲስ አበባ ሊመጡ ነበርና አባቷ «ዘመናዊ ሥዕል ይሁን!» አሉ። ሥዕል ተምሮ ከተመለሰው ከኤሊያስ በቀር ዘመናዊ የሚባል ሰው በአገሩ አልነበረም።

በዚያ ቤት የአገሬው ቋንቋ ሐዲይኛ አይነገርም። እናቷ ወይዘሮ ወለተሥላሴ የሰላሌ ባላባት ልጅ ናቸው ተብሏል፤ ከተማውም ላለመጠየቅ ተስማምቷል። አባቷ ቋንቋውን አልሰማም ብለው ለገበሬ ጨው እንኳ የሚሸጡት በአስተርጓሚ ነበር።

ትርፊት ውሃ ታቀብላለች፤ ኤሊያስ ቀይ አፈር፣ ጥላሸትና ኖራ ይበጠብጣል። ዓይን ለዓይን ሲጋጩ ሁለቱም ባልዲውን ያያሉ።

«ምንድነው የምትሥለው?»

«የእናቴን ቤት ግድግዳ። መሐሉ ላይ አንቺን።»

«አፍንጫ የለኝም እንዴ?»

«ዘመናዊ ነሻ!»

ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው።

«ሽማግሌዎቹ ሲመጡ የማን ልጅ እንደሆንኩ እነግራቸዋለሁ» አላት። «የቀረውን፣ የእኔንና የአንቺን ነገር፣ አንቺ ትናገሪያለሽ።»

«እናገራለሁ።»

መጡ። ዋናው ሽማግሌ ቀኛዝማች ሽብሩ ግድግዳውን ትክ ብለው አዩና፣ «ወልደኪዳን፣ ከብቶቹንስ የት አሰርካቸው?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«የሐዲያ ቤት ነው» አለ ኤሊያስ በሩ ሥር ቆሞ። «የእናቴ ቤት ነው። የሣልኩትም እኔ ነኝ።»

ቀኛዝማች ወደ ትርፊት ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ታውቂዋለሽ?»

ትርፊት የአባቷን ፊት አየች። «ኧረ እኔ አላውቀውም! ቀለም ቀቢ ነው» አለችና ከሁሉም አብልጣ ሳቀች።

«በል ኖራህን አምጣ!» አሉ አባቷ። «አሁኑኑ ሸፍንልኝ!»

ኤሊያስ ብሩሹን ነከረ። ከመሐል፣ ከተሣለው የእሷ ፊት ጀመረ።

ወይዘሮ ወለተሥላሴ የእጅ ውሃ ይዘው ሲገቡ ሥዕሉ በኖራ ሲሸፈን አይተው ባሉበት ቆሙ። ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጡና በሰው ሁሉ ፊት በሐዲይኛ ጠየቁት።

«ልጄ፣ እናትህ ማን ትባላለች?»

ኤሊያስ ብሩሹን እንደያዘ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ዓለሚቱ ትባላለች፤ ቦኖሻ ነው ቤቷ» አለች ትርፊት፣ እሷም በሐዲይኛ። «ሄጄ ነበር። ፀጉሬን ቅቤ ቀብታ ምራቴ ብላኛለች።»

«ምን አሉ?» ሲሉ ጠየቁ ቀኛዝማች።

አቶ ወልደኪዳን፣ ማንም ሳይተረጉምላቸው፣ ቀስ ብለው ተቀመጡ።